ደንገጎን ለሚወጣ ተሳቢ የትኛው መጠባበቂያ ይሻላል፦ ሰንሰለት ወይስ ካቦ?

ከድሬዳዋ ተነስቶ በደንገጎ በኩል ወደ ሐረር የሚጓዝ ሰው ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ 2,000 ሜትር ወደሚጠጋው ደጋ የሚወጣው ጥምዝ በጥምዝ በሆነ መንገድ ነው። ከፒክአፑ ኋላ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ካለ ደግሞ የሁለቱን ግንኙነት የሚሸከመው አንድ የመጎተቻ ኳስ ብቻ ይሆናል። ኳሱ ቢላቀቅ ተሳቢውን ገደል ከመግባት ወይም ከኋላ ከሚመጣ ባጃጅ ጋር ከመጋጨት የሚያተርፈው በግራና በቀኝ የታሰረው መጠባበቂያ ነው። ለዚህ ሥራ የሚያገለግሉት ሰንሰለትና ከቀጫጭን የብረት ክሮች የተገመደው ካቦ ሲሆኑ፣ ተሳቢው ጀልባ ቢጭንም ውኃ ቢያመላልስም ጥያቄው አንድ ነው። እኔ ለአካባቢያችን የሚቀርበውን፣ ሮቶ የተጫነበትን ተሳቢ ምሳሌ አደርጋለሁ።

1,000 ሊትር ውኃ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ተሳቢውና ሮቶው 350 ኪሎ ግራም ቢሆኑ ጠቅላላው 1,350 ይደርሳል። ከሁለቱ መጠባበቂያዎች እያንዳንዱ ይህን ክብደት ለብቻው መቻል አለበት፤ ተሳቢው ሲላቀቅ ወደ አንድ ጎን ስለሚያዘነብል የመጀመሪያውን ምት የሚቀበለው አንዱ ነውና። ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ግሬድ 30 ሰንሰለት (ግሬድ የሰንሰለቱ የጥንካሬ ደረጃ ነው) የሚበጠሰው ወደ 3 ቶን በሚደርስ ጉተታ ነው። በዚያው ውፍረት የተሠራ ደህና ካቦ ከዚህ ጥቂት ይበልጣል፤ በሜትር የሚመዝነውም ሩብ ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን የሰንሰለቱ ግን ወደ 1.4 ኪሎ ግራም ይጠጋል። በጥንካሬ ብቻ ከመረጥን እንግዲህ ካቦው አያንስም።

ልዩነቱ የሚታየው ጫፋቸው ላይ ነው። ሰንሰለት ከመንጠቆው ጋር የሚገናኘው በራሱ ቀለበት ነው፤ ካቦ ግን ጫፉ ተቆልምሞ መያዣ ሊበጅለት ይገባል። በፋብሪካ በከፍተኛ ጫና የተጨመቀ መያዣ ያለው ካቦ አብዛኛውን ጥንካሬውን ይጠብቃል። በጋራዥ በቡሎንና በዳዶ በሚጠብቅ ማያያዣ የተሠራው ግን በትክክል ተገጥሞ እንኳ ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። ትክክለኛው አገጣጠም ከ3 የማያንሱ ማያያዣዎችን ይጠይቃል፤ የማያያዣው ጠፍጣፋ መቀመጫ ጭነት በሚሸከመው ረጅም ጎን፣ የታጠፈው ቡሎን ደግሞ በአጭሩ ጫፍ ላይ ማረፍ አለበት፤ ቢገለበጥ ቡሎኑ ጭነት ተሸካሚውን ክር ይጨፈልቃል። አንድ ጋራዥ ለእኔ የገጠመልኝ ካቦ ማያያዣዎቹ 2 ብቻ፣ ሁለቱም የተገለበጡ ነበሩ። ደንገጎ ላይ ቆሜ ስፈትሸው ዳዶዎቹ በንዝረት ላልተው ካቦው በእጅ ሲጎተት ይንሸራተት ነበር። ኳሱ ያን ዕለት ቢላቀቅ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ዛሬም ሳስበው ይከብደኛል።

ፍተሻም ቢሆን ለሰንሰለት ያደላል። የተሳበ፣ የሳሳ ወይም የተሰነጠቀ ቀለበት በዓይን ይለያል፤ ካሊፐር ያለው ሰው ደግሞ ቀለበቶቹ የሚፋተጉበትን ቦታ ለክቶ ከመጀመሪያው ውፍረት 10 በመቶ ያህል ካነሰ ሊጥለው ይችላል። ካቦ የሚዝገው ከውስጥ ጭምር ሲሆን፣ በፕላስቲክ የተሸፈነው ደግሞ ዝገቱን ይደብቃል። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ የሚደርስ፣ ለምሳሌ ጀልባ ጭኖ ጅቡቲ የሚወርድ ሰው የተሸፈነ ካቦ እንዲገዛ አልመክርም፤ ጨዋማው ውኃ በጫፉ ሰርጎ ይገባና እዚያው ይቀራል። በዚንክ የተለበጠ ሰንሰለት በንጹሕ ውኃ ቢታጠብ ብዙ ያገለግላል።

ካቦ የሚበልጥበት ቦታም አለ። መጎተቻ ክንዱ ዝቅ ያለ፣ ጭነቱም ቀላል የሆነ ተሳቢ በድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ሲያልፍ የረገበ ሰንሰለት ይጎተታል፤ አስፋልት ላይ ደግሞ እየተፋተገ ያልቃል። ካቦ ቀላልና ግትር በመሆኑ እንዲህ አይንዘላዘልም። ለእንዲህ ያለው ተሳቢ በፋብሪካ የተጨመቀ ጫፍ ያለውን ካቦ ያለ ስጋት እመርጣለሁ።

ሮቶ ጭኖ ደንገጎን ለሚወጣና ለሚወርድ ግን ሰንሰለት ይግዛ። ግሬዱ ቀለበቱ ላይ የታተመበትን ይምረጥ፤ ግሬድ 70 ከወሰደ በሙቀት የተጠናከረ ስለሆነ ከተሳቢው ጋር በብየዳ አያስይዘው፤ የብየዳው ሙቀት ጥንካሬውን ይነጥቀዋልና በቡሎን ይታሰር። መንጠቆው መዝጊያ ያለውና ከሰንሰለቱ የማያንስ ሆኖ ከፓራውልቱ ሳይሆን ከሻሲው ጋር በጸና ብረት ላይ ይግባ። ሁለቱ ሰንሰለቶች ከመጎተቻ ክንዱ ሥር ተመሳቅለው ከታሰሩ ኳሱ ቢላቀቅ ክንዱ መሬት ሳይነካ በእነሱ ላይ ያርፋል። ርዝመቱ ቢበዛ በመጠምዘዝ አይሰር፤ ቀረብ ያለው ቀለበት ላይ ይንጠልጠል። ከዚያም መሪው እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዞር ሰንሰለቱ አለመወጠሩ ባዶ ሜዳ ላይ ይታይ።