ባለ 1.5 ሊትር ቱርቦ ወይስ ባለ 2.5 ሊትር ያለ ቱርቦ፦ ለዘወትር መንዳት የትኛው ይመረጣል?

ሆንዳ ሲአር-ቪ እና ቶዮታ ራቭ-ፎር በአሜሪካ ገበያ ለአንድ ዓይነት ገዢ የሚቀርቡ፣ በመጠንም በዋጋም የሚቀራረቡ መኪኖች ቢሆኑም ሞተሮቻቸው የተሠሩት በሁለት የተለያዩ መንገዶች ነው። ሆንዳ ከ2017 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ በአብዛኞቹ ሲአር-ቪዎች ላይ 1500 ሲሲ ሞተር ከቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ከሚያስገባ መሣሪያ) ጋር ሲያቀርብ፣ ቶዮታ በ2019ኙ ራቭ-ፎር ላይ ቱርቦ የሌለው አዲስ 2500 ሲሲ ሞተር ገጥሟል። ትንሽ ባለ ቱርቦ ሞተር ይሻላል ወይስ ተለቅ ያለው የሚለውን ጥያቄ በሐሳብ ብቻ ከመከራከር ይልቅ በእነዚህ ሁለት መኪኖች ላይ መፈተሽ ይቀላል።

በጉልበት በኩል ልዩነታቸው ያን ያህል አይደለም። የሆንዳው ሞተር 190፣ የቶዮታው 203 የፈረስ ጉልበት ያመነጫሉ፤ ከፍተኛ ቶርካቸውም (የመጎተት ኃይላቸው) 243 እና 249 ኒውተን ሜትር ነው። ይሁን እንጂ ለዘወትር ነጂ ከመጠኑ ይልቅ ይህ ቶርክ የሚገኝበት የሞተር ዙር ይበልጥ ያስፈልገዋል። የሆንዳው ሙሉ ቶርክ በደቂቃ ከ2000 ዙር ጀምሮ እስከ 5000 ዙር ድረስ ሳይቀንስ ይቆያል፤ የቶዮታው ግን ጫፍ ላይ የሚደርሰው 5000 ዙር ላይ ነው። በዚህም ምክንያት ሆንዳው ከመብራት ሲነሳም ሆነ ቤተሰብ ጭኖ ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ብዙም ሳይጮኽ ይጎትታል፤ ራቭ-ፎሩ ግን ተመሳሳይ ሥራ ለመሥራት ካምቢዮው ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን ከፍ ባለ ዙር ማስኬድ ይኖርበታል፤ ድምፁም ጆሮ ይረብሻል። በሌላ በኩል ቱርቦው በጭስ ግፊት የሚዞር በመሆኑ ነዳጅ መስጫው ድንገት ሲረገጥ ለቅጽበት ይዘገያል፤ ትልቁ ሞተር ግን እግርን ተከትሎ ወዲያው ይመልሳል። ይህ መዘግየት በዛሬዎቹ ሞተሮች እጅግ ያነሰ ስለሆነ ብቻውን የግዢ ምክንያት ሊሆን ይገባል ብዬ አላምንም።

ብዙ ገዢ ትንሹን ሞተር የሚመርጠው ነዳጅ ይቆጥባል ብሎ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለ2019 ሞዴሎች በሰጠው ደረጃ በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳው ሲአር-ቪ በከተማ በጋሎን 28፣ በአውራ ጎዳና 34 ማይል ይሄዳል፤ ራቭ-ፎሩ ደግሞ በከተማ 26፣ በአውራ ጎዳና 35 ማይል። ሁለቱም በአማካይ በጋሎን 30 ማይል፣ ማለትም በመቶ ኪሎ ሜትር 7.8 ሊትር ገደማ ላይ ይገናኛሉ። በመጠን የአንድ ሊትር ልዩነት ያላቸው ሞተሮች እዚህ የተገናኙበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር የሚቆጥበው በእርጋታ ሲነዳ፣ ማለትም ቱርቦው ብዙ ሳይሠራ ሲቀር ነው፤ ሲረገጥ ግን እንደ ትልቅ ሞተር አየር ስለሚያስገባ እንደ ትልቅ ሞተር ነዳጅ ይጠጣል። ቶዮታም ዝም ብሎ ትልቅ ሞተር አልሠራም፤ ቤንዚኑን በደንብ ለመጠቀም የግፊት ሬሾውን (አየርና ቤንዚኑ ከመቀጣጠሉ በፊት ሲሊንደር ውስጥ የሚጨመቅበትን መጠን) ወደ 13 ለ 1 ከፍ አድርጎታል፤ የሆንዳው 10.3 ለ 1 ነው። ዋናው ሐሳቡ የነዳጅ ወጪ የሆነ ሰው ሁለቱንም ትቶ ሃይብሪድ (ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ የሚሠራ) ቢፈልግ ይሻለዋል። ሆንዳ ራሱ ለሲአር-ቪ ሃይብሪድ የመረጠው ቱርቦ የሌለው 2000 ሲሲ ሞተር መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል።

ንጽጽሩ መልኩን የሚቀይረው ከፍታ ሲጨመርበት ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው በዙሪያው ያለውን አየር ብቻ ስለሆነ ከባሕር ወለል በላይ በ1000 ሜትር ገደማ 10 በመቶ ጉልበት ያጣል ተብሎ ይሰላል። በዚህ ስሌት ለባሕር ወለል ቅርብ በሆነው በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ 203 የነበረው የራቭ-ፎር ጉልበት 1600 ሜትር ላይ በምትገኘው የኮሎራዶ ከተማ ዴንቨር ወደ 170፣ ከ2300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 156 ይወርዳል። ቱርቦ ግን የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ የሆንዳው ሞተር አብዛኛውን ጉልበቱን ይዞ ይቆያል። እናም በቁጥር ያነሰው መኪና በተራራ ላይ የበለጠ ይሆናል። ከዴንቨር ጎረቤት ከአውሮራ ተነሥቶ በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ 3400 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው የአይዘንሃወር ዋሻ ወይም ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ይህን ልዩነት ያለ መሣሪያ ያውቀዋል። ሆኖም ቱርቦው ያን የሚያደርገው ከባሕር ወለል ላይ ካለው ይልቅ በፍጥነት በመዞር፣ በመሞቅና በመድከም ነው።

እዚህ ላይ ለኮሎራዶ ነዋሪዎች አንድ ማሳሰቢያ ይቀድማል። በዚያ ግዛት ማደያዎች በርካሽ የሚሸጠው ቤንዚን 85 ኦክቴን (ቤንዚኑ ያለጊዜው እንዳይቀጣጠል ያለውን አቅም የሚለካ ቁጥር) ነው። ይህ ልማድ የቆየው ከፍታው የድሮ ሞተሮችን ግፊት ስለሚቀንስላቸው ነበር፤ ቱርቦ ግን ያንኑ ግፊት መልሶ ስለሚፈጥር ምክንያቱ አይሠራለትም። የሆንዳው መመሪያ ቢያንስ 87 ይጠይቃልና በሳንቲሞች ልዩነት ምክንያት ሞተርን ለአደጋ ማጋለጥ አይገባም።

ወደ ዕድሜና ጥገና ስንመጣ ሚዛኑ በግልጽ ወደ ትልቁ ሞተር ያጋድላል። ቱርቦ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከር፣ በጭስ የሚግል፣ ሕይወቱም ሙሉ በሙሉ በዘይት ላይ የተንጠለጠለ ዕቃ ነው። በዚህ ላይ የ1.5 ሊትሩ ሆንዳ የታወቀ ችግር አለው፦ ቤንዚኑ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ስለሚረጭ በብርድ ወቅትና በአጭር ጉዞ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ዘይቱ ወርዶ ያቀጥነዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. በዚሁ ምክንያት በቻይና የአዲሱ ሲአር-ቪ ሽያጭ ለጊዜው ቆሞ ነበር፤ በአሜሪካም ኩባንያው የዋስትና ጊዜውን አራዝሟል። ቀጥታ የሚረጭ ሞተር በመግቢያ ቫልቮቹ ላይ ካርቦን የመከማቸት ጠባይም አለው፤ ቶዮታ ግን በ2.5 ሊትሩ ላይ ሁለተኛ መርጫ ከቫልቮቹ ኋላ ስላስቀመጠ ቤንዚኑ እግረ መንገዱን ያጥባቸዋል። ትናንሽ ቱርቦዎች በዝቅተኛ ዙር ከባድ ጭነት ሲጣልባቸው ቤንዚኑ ካንዴላው ብልጭታ ሳይሰጥ አስቀድሞ የሚቀጣጠልበት ክስተትም ስላለ፣ ይህን ለመከላከል የወጡትን የኤስኤን ፕላስ ወይም የኤስፒ ደረጃ ያለው ዘይት መጠቀም ግዴታ ነው እላለሁ።

አዲስ አበባ ላይ የሚገዛ ሰው የሚገጥመው አስቸጋሪ ነገር ይህ ነው፦ ቱርቦ ከሁሉ በላይ የሚጠቅምበት ከተማ ቱርቦን መንከባከብ ከሚከብድባቸው ከተሞች አንዱ ነው። መንግሥት በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስላገደ ምርጫው አገር ውስጥ ካለውና ካገለገለው ላይ ነው፤ የቀድሞው ባለቤት ምን ዘይት በስንት ኪሎ ሜትር ይቀይር እንደነበር ደግሞ ብዙ ጊዜ ማስረጃ አይገኝም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ 1300 እና 1800 ሲሲን መለያ መስመር ማድረጉ ትንሹን ሞተር በዋጋ ረድቶታል፤ ይህ ቁጠባ ግን በአንድ የቱርቦ ቅያሪ ሊሸረሸር ይችላል። ሃርድ ቶፕ የሚባለው ላንድ ክሩዘር ቱርቦ በሌለው 4200 ሲሲ የናፍጣ ሞተሩ ዳገት ላይ እያቃሰተም ለዓመታት የተወደደው፣ የትም ከተማ ያለ መካኒክ ስለሚያውቀው ነው።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ እንደ ቦታው ይለያያል። ኮሎራዶ ለሚኖር፣ አዲስ ወይም ሙሉ የሰርቪስ ታሪክ ያለው መኪና ለሚገዛና ዘይት በወቅቱ ለሚቀይር ሰው ሲአር-ቪውን እመክራለሁ። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ በከተማ ውስጥ አጫጭር ጉዞ ለሚበዛበት፣ በተለይም በብርድ ወራት ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ ለሚመለስ፣ ራቭ-ፎሩ ይሻላል። አዲስ አበባ ላይ ታሪኩ ያልታወቀ መኪና ለሚገዛም እንደዚሁ፤ በዳገት መዘግየቱን መታገስ ከጋራዥ ወጪው ይቀላል።

ያገለገለ ባለ ቱርቦ ለመግዛት የወሰነ ሰው ከሻጩ ጋር ቀጠሮ ሲይዝ ሞተሩ ሳይነሳና ሳይሞቅ እንዲጠብቀው ይጠይቅ። የዘይት መለኪያውን መዝዞ ደረጃውን ይይ፤ ከላይኛው ምልክት ካለፈ ወይም ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ዘይቱ ተቀላቅሏል ማለት ነው። ከዚያም አስነሥቶ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ መውጣት አለመውጣቱን ይመልከት፤ በመጨረሻም ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጥ እንደ ፉጨት ያለ ስለታም ድምፅ ቢሰማ ቱርቦውን የሚያውቅ መካኒክ ሳያየው ቀብድ አይክፈል።