ፋይበር ልታገናኙ ነው? ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ልጅ አማክሩት

አዲስ አበባ ውስጥ ኮሌጅ፣ ክሊኒክ ወይም ቢሮ ኖሯችሁ ቅርንጫፎቹን በፋይበር ልታገናኙ ካሰባችሁ፣ የምጠቁማችሁ ሰው አለኝ። የእኛን የስድስት ኪሎ፣ የሜክሲኮና የቃሊቲ ግቢዎች ያገናኘልን እሱ ነው። እጁ ይባረክ!

ፋይበሩ ተዘርግቶ አልቋል። የቀረን ስዊች (ኔትወርኩን የሚያገናኘው ዕቃ) እና ኤስኤፍፒ (ስዊቹ ላይ ተሰክቶ በፋይበሩ ብርሃን የሚልክና የሚቀበል ትንሽ ሞጁል) መግዛት ነበር። አንድ ሻጭ ከሜክሲኮ ቃሊቲ ላለው መስመር "80 ኪሎ ሜትር የሚደርሰውን ውሰዱ፣ አስተማማኝ ነው" አለን። ልጁ ሳቀ። መስመሩ 12 ኪሎ ሜትር ነዋ! ለሩቅ የተሠራው ሞጁል ብርሃኑ ስለሚበረታ፣ በአጭር መስመር አቴኑዌተር (ብርሃኑን የሚቀንስ ዕቃ) ካልገባለት የወዲያኛውን ተቀባይ ሊያቃጥለው ይችላል። ዋጋውን ተዉት። ወረቀት አውጥቶ አሰላ፦ 1310 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ባለው ብርሃን በኪሎ ሜትር 0.35 ዴሲቤል (የብርሃን መድከም መለኪያ) ቢጠፋ ለ12 ኪሎ ሜትር 4.2 ይሆናል፤ ለብየዳውና ለኮኔክተሩ 2 ጨመረበት፣ በድምሩ 6.2። ይህን ብክነት የ20 ኪሎ ሜትሩ ሞጁል ተርፎት ይችለዋል።

ስዊቹ ላይ ግን ቆጥቡ አላለንም። ሦስቱ ግቢዎች በቀለበት የተያያዙ ናቸው፤ በአንድ በኩል ቢቆረጥ በሌላው ይዞራል። ርካሹ ስዊች ስፓኒንግ ትሪ በሚባለው በድሮው ዘዴ መስመር እስኪቀይር ከ30 እስከ 50 ሰከንድ ይፈጅበታል። እሱ ያስመረጠን ኢአርፒኤስ (ለቀለበት መስመር የተሠራ ፈጣን የመቀየሪያ ዘዴ) ያለው ግን 50 ሚሊሰከንድ ቢወስድበት ነው። ቁፋሮ በማያልቅበት ከተማ ይሄ ቅንጦት አይደለም። በርክክቡ ዕለት ቃሊቲ ካለ ባልደረባዬ ጋር በኔትወርክ ስልክ እያወራሁ ሳለ ልጁ አንዱን ገመድ ነቀለው። ወሬያችን አልተቋረጠም። ሁለት ፓወር ሰፕላይ ያለውን ስዊች ለሜክሲኮ ብቻ አስገዛን፤ ለሌሎቹ ዩፒኤስ ይበቃል አለ።

ደግሞ ጥንቃቄው! ገና ክዳኑ የተነሳለትን አዲስ ገመድ ጫፍ በትንሽ ማይክሮስኮፕ አሳየኝ። መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ። አቧራ ነው። ጠረገው፣ አየው፣ አሁንም ጠረገው። እስኪጠራ ድረስ አልሰካውም።

ስፔሲፊኬሽኑን ብራንድ ሳይጠራ ጽፎልን ፕሮፎርማ የሰበሰብነው እኛው ነን። ከሻጭ ኮሚሽን አይቀበልም፤ የሚያስከፍለው የምክሩንና የሥራውን ብቻ ነው። ርካሽ ነው አልላችሁም።

አስፈቅጄዋለሁ፤ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ጠዋት ሥራ ላይ ስለሚሆን አያነሳም፣ ከሰዓት ሞክሩት። የመስመራችሁን ርዝመት ግን አስቀድማችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።