ሚዛኑ ቀጥ ሲልብኝ የገባሁበት የደሴ ጂም

3 ወር ሙሉ ምሳዬን ግማሽ እንጀራ አድርጌ፣ ጠዋት ጠዋት ከጦሳ ተራራ ሥር እየሮጥኩ 6 ኪሎ ከቀነስኩ በኋላ ሚዛኑ ቀጥ አለብኝ። ተስፋ ልቆርጥ ስል ነው ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ጂም የገባሁት።

አሰልጣኙ ብረት ከማሸከሙ በፊት ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ሰውነት ምግብ ሲያንሰው መቆጠብ ይጀምራል፤ የቀለለ ሰውነት የሚያቃጥለው ካሎሪም ያንሳል፣ በዚያ ላይ ሳናውቀው እንቅስቃሴያችን ይቀንሳል። እውነቱን ነው! ለ5 ደቂቃ መንገድ ባጃጅ መያዝ ጀምሬ ነበር። «እህቴ፣ ከዚህ በላይ ምግብ እንዳትቀንሺ፤ ምስርና ሽሮ ጨምሪ፣ ጡንቻሽ እንዳይጠፋ» አለኝ።

አሁን በሳምንት 3 ቀን ክብደት አነሳለሁ። ሚዛኑ በዝግታ ነው የሚወርደው፣ ጉልበቴ ግን ተመልሷል። ሻወሩ በረዶ ነው፣ በደሴ ብርድ ይሄ ቶሎ ይስተካከል። አሰልጣኙ ግን እጁ ይባረክ።