ፈጣኑ ቀለም ወይስ የተለመደው አክሪሊክ? ለመጀመሪያዋ የኦርክ ምስል የቱ ይገዛ

ለጠረጴዛ ላይ ጨዋታ የምትሆን፣ አውራ ጣት የምታክል የኦርክ (አረንጓዴ ቆዳ ያለው የተረት ጭራቅ) ቅርጽ ያላት ያልተቀባች ምስል ገዝታችኋል እንበል። ገንዘቡ የሚያልቀው ግን ምስሉ ላይ ሳይሆን ቀለሙ ላይ ነው። ምርጫው ሁለት ነው፦ በንብርብር የሚቀባው የተለመደ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም)፣ ወይም በአንድ ቅብ ጥላና ብርሃን የሚያወጣው ፈጣን ቀለም።

ከፈጣኖቹ ስመ ጥሩዎቹ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሲታደል የተባለው የቀለም ብራንድ ኮንትራስትና በ2022 የተከተለው የአርሚ ፔይንተር ኩባንያ ስፒድፔይንት ናቸው። ቀለሙ ቀጭን ነው። ስርጉድ ውስጥ ሲጠራቀም ይጠቁራል፣ ጉብ ያለው ላይ ይሳሳል። ስለዚህ ከስር ነጭ ወይም የአጥንት መልክ ያለው ፕራይመር (ቀለም እንዲይዝ መጀመሪያ የሚቀባ ሽፋን) ይፈልጋል፤ ጥቁር ላይ ከቀባችሁት ልፋታችሁ ገደል ገባ። ለፀጉር፣ ለጡንቻና ለተሸበሸበ ካባ ወደር የለውም። ለጥ ያለ ጋሻ ላይ ግን ጉድ ይሠራል፦ የቡና ስኒ ጠረጴዛ ላይ እንደሚተወው ዓይነት እድፍ ጥሎ ይደርቃል።

የመጀመሪያው ስፒድፔይንት ደርቆም ቢሆን ሌላ እርጥብ ቀለም ሲደረብበት ይሟሟ ነበር። በ2023 የመጣው ሁለተኛው ዕትም፣ ስፒድፔይንት 2.0፣ ይሻላል። በቅናሽ የሚሸጥ ካያችሁ የመጀመሪያው እንዳይሆን መለያውን ሳታነቡ እንዳትገዙ።

የተለመደው መንገድ ረጅም ነው። ፕራይመር፣ መደብ ቀለም፣ ስርጉዱን የሚያጠቁር ዋሽ (በጣም የቀጠነ ጠቆር ያለ ቀለም)፣ ከዚያ ጎላ ያለውን በመደቡ ቀለም መመለስ፣ በመጨረሻም ጠርዙን ፈካ ባለ ቀለም ማስመር። ጊዜ ይበላል፤ ግን ስህተትን ይምራል። የኦርኩ ጥርስ ላይ አረንጓዴ ቢነካባችሁ ደርባችሁ ትሸፍኑታላችሁ። በፈጣኑ ቀለም ከሆነ መጀመሪያ ቦታውን መልሳችሁ ማንጣት አለባችሁ።

ብልቃጡንም እዩ። የሲታደል መደብ ቀለም 12 ሚሊ ሊትር ነው፤ ክዳኑ ላይ ቀለም ከደረቀ ደግሞ በደንብ አይዘጋም። የስፔኑ ቫሌሆና የዴንማርኩ አርሚ ፔይንተር በጠብታ ጠርሙስ ይመጣሉ፤ መጠናቸውም ይበልጣል። እኔ ለጠብታው አደላለሁ።

አንድ ምስል ብቻ ከሆነ አምስት የተለመዱ ቀለሞችና አንድ ቡናማ ዋሽ ይበቃችኋል። ለጨዋታው ሙሉ የምስሎች ሠራዊት ለሚቀባ ሰው ግን ያለ ፈጣኑ ቀለም አይዘለቅም። ለቆዳው ፈጣኑን፣ ለጋሻው አክሪሊኩን ማድረግም ይቻላል፤ የኔ ምርጫ ይሄ ነው።

ምስሉን ለጨዋታ የምታነሱት ከሆነ ቀለሙን ከላይ ሆኖ የሚጠብቅ፣ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽም በጀቱ ውስጥ አስገቡ። ፈጣኑ ቀለም በእጅ ሲነካካ መጀመሪያ የሚለቀው ከአፍንጫውና ከጉልበቱ ላይ ነው።