ዘይት ለሚበላ ኮሮላ ሃያ ሃምሳ መድኃኒት አይደለም፦ ገበያ ላይ ያሉት የሞተር ዘይቶች ሲመዘኑ

መኪናው ዘይት መብላት የጀመረበት ሰው ዘይት ቤት ገብቶ ምክር ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ሃያ ሃምሳ አድርግበት፣ ወፈር ያለ ነው የሚይዝለት።» ሃያ ሃምሳ የሚሉት 20ደብሊው-50 የተጻፈበትን ዘይት ነው። ምክሩ ለጥቂት ሳምንታት ይሠራል። ጭሱ ይቀንሳል፣ የሞተሩ ድምፅ ለስለስ ይላል፣ መለኪያው ላይ ያለው ዘይትም ቶሎ አይወርድም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው፤ በተለይ እዚህ በምንመዝንበት መኪና ላይ።

መኪናው እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2007 የተሠራው ቶዮታ ኮሮላ ነው፤ 1.4፣ 1.6 ወይም 1.8 ሊትር ዜድዜድ የሚባለው የቤንዚን ሞተር ያለው፣ 200,000 ኪሎ ሜትር ያለፈ። ይህ ሞተር ዘይት የሚበላበት የራሱ ምክንያት አለው። ፒስተኑ ላይ ካሉት ሦስት ፋሻዎች (የብረት ቀለበቶች) የታችኛው ሥራው ከሲሊንደሩ ግድግዳ ዘይት እየጠረገ መመለስ ነው። የተጠረገው ዘይት ወደ ኮፓ (ከሞተሩ ስር ወዳለው የዘይት ገንዳ) የሚወርደው ከፋሻው ጀርባ ፒስተኑ ላይ በተበሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች በኩል ነው። በመጀመሪያዎቹ የዜድዜድ ሞተሮች እነዚህ ቀዳዳዎች ጠባብና ጥቂት ነበሩ፤ ቶዮታ በኋላ ፒስተኑን አሻሽሎታል። ዘይቱ ሳይቀየር ሲቆይ እዚያ ጋ ይጋገራል፤ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ፋሻው በጎድጓዳው ውስጥ ተጣብቆ መተጣጠፉን ያቆማል፣ ግድግዳው ላይ የቀረው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል።

እንግዲህ በሽታው የሞተሩ መላላት ብቻ ሳይሆን የተጋገረ ቆሻሻ ነው። ወፍራም ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ርካሽ ማዕድናዊ ዘይት (ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚሠራው) ደግሞ በሙቀት ቶሎ ይጋገራል። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ ሞተሩ ውስጥ መጨመር ምልክቱን እየሸፈኑ መንስኤውን ማባባስ ነው።

ዘይት ከመግዛት በፊት ዘይቱ የት እንደሚሄድ ይታወቅ። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ብልጭ ብሎ ከጠፋ የቫልቭ ጎማዎቹ ደርቀዋል። ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል በማርሽ ሲወርድ ቆይቶ ቤንዚን ሲረገጥ ደመና የሚተፋ ከሆነም መጀመሪያ የሚጠረጠሩት እነዚሁ ናቸው። ዳገት ላይ በጭነት ያለማቋረጥ የሚያጨስ ከሆነ ጉዳዩ የፋሻ ነው። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ ያለችው የትንፋሽ ቫልቭ ተፈታ ትወዛወዝ፤ ቀጭ ቀጭ ካላለች ተደፍናለች። የተደፈነች ቫልቭ ሞተሩ ውስጥ ግፊት ታጠራቅማለች፤ ዘይቱ በየጓርኒሲዮኑ (በየማሸጊያው) ይወጣል፣ ወደ አየር መሳቢያውም ይገባል። ትንሽ ዕቃ ናት፣ ብዙ ሞተር ግን በእሷ ምክንያት ያለጊዜው ለጥገና ወርዷል። በመጨረሻም የጊዜ ሰንሰለቱ መወጠሪያ ሞተሩን የሚነካበት ቦታ ይታይ፤ እዚያ ያለችው ክብ ጎማ በዚህ ሞተር ላይ ማልቀስ ትወዳለች።

አሁን ወደ ጀሪካኖቹ። ከ«ደብሊው» በፊት ያለው ቁጥር የብርድ ነው፤ 20ደብሊው የሚለካው ከዜሮ በታች በ15 ዲግሪ፣ 10ደብሊው በ25 ዲግሪ፣ 5ደብሊው በ30 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ እንዲህ አትበርድም፤ ነገር ግን በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ቀጭኑ ዘይት ቴስታታው ጋ ቀድሞ ይደርሳል፣ መላላቱም የሚበዛው በእነዚያ የመጀመሪያ ሰከንዶች ነው። ሁለተኛው ቁጥር በ100 ዲግሪ ያለው ውፍረት ነው፤ 30 የሚባለው ከ9.3 እስከ 12.5፣ 40 ከ12.5 እስከ 16.3፣ 50 ከ16.3 እስከ 21.9 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ) ይደርሳል።

20ደብሊው-50 ማዕድናዊ ዘይት ለዚህ ሞተር አንመክረውም። የሚያስኬድበት አንድ ሁኔታ ቢኖር መኪናው ሁልጊዜ እንደ አፋር ባለ በረሃ የሚሠራ፣ ሞተሩ ሊወርድ ቀጠሮ የተያዘለትና እስከዚያ መጓጓዝ ብቻ የሚፈለግ ሲሆን ነው። «ቁጥር 40» የሚባለው ባለአንድ ቁጥር ዘይት ደግሞ ጭራሽ አይግባ።

15ደብሊው-40 መካከለኛ ነው። ድሬዳዋና አዋሽ ለሚመላለስ መኪና ይበቃል፣ በየ4,000 ኪሎ ሜትር ከተቀየረ። ጀርባው ላይ የናፍጣ ደረጃ ብቻ የተጻፈበትን ግን ይተዉት፤ የቤንዚኑ ደረጃ፣ ማለትም ኤስኤን ወይም ኤስፒ፣ አብሮ መጻፍ አለበት።

ምርጫችን 10ደብሊው-40 ከፊል ሲንቴቲክ (ከማዕድናዊና በፋብሪካ ከተቀመመ ዘይት የተደባለቀ) ነው፣ ጀርባው ላይ ኤፒአይ (የአሜሪካ የዘይት ደረጃ) ኤስኤን ወይም ከዚያ በላይ፣ እና ኤሲኢኤ (የአውሮፓ መኪና አምራቾች ደረጃ) ኤ3/ቢ4 የሚል ያለበት። ቶታል ኳርትዝ 7000፣ ሼል ሄሊክስ ኤችኤክስ7፣ ሞቢል ሱፐር 2000 በዚህ ቁጥር የሚገኙ ናቸው። ኤ3/ቢ4 የሚለው ጽሑፍ ለጌጥ አይደለም፦ ዘይቱ በ250 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ሲሞቅ ከ13 በመቶ በላይ መትነን አይፈቀድለትም፤ ለኤፒአይ ኤስኤን ብቻ ግን እስከ 15 በመቶ ይፈቀዳል። ዘይት ለሚበላ መኪና ይህ ልዩነት መለኪያው ላይ ይታያል። ሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ በሰዓቱ ከመቀየር ያነሰ ጥቅም አለው፤ ኦሪጅናሉን በቅርብ የሚያገኙትን ይውሰዱ።

5ደብሊው-40 ሙሉ ሲንቴቲክ ከሁሉም የተሻለ ያጸዳል። ዋጋውን ለመክፈል የሚያስቆጭ የሚሆነው በየ1,000 ኪሎ ሜትር ከግማሽ ሊትር በላይ እየተጨመረለት ላለ መኪና ነው፤ የተገዛው በማርሚታው ይወጣልና። «ሲንቴቲክ አሮጌ ሞተር ያፈሳል» የሚባለው ከፊል እውነት ነው። ዘይቱ ጎማውን አይበላም፤ የደረቀውን ጎማ ደፍኖ የያዘውን ቆሻሻ ስለሚያጥብ ድሮ የነበረው ቀዳዳ ይገለጣል። 5ደብሊው-30 የፋብሪካው ምርጫ ነው። ሞተሩ በ5,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሩብ ሊትር እንኳ የማይበላ ከሆነ ከእሱ መውጣት አያስፈልግም።

አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ ከ75,000 ማይል በላይ ለሄዱ መኪናዎች የሚዘጋጅ ዘይት በየሱቁ አለ። ቫልቮላይን እ.ኤ.አ. በ2000 ማክስላይፍን ሲያወጣ የመጀመሪያው ነበር። የደረቀ ጎማን የሚያለሰልስና በጥቂቱ የሚያሳብጥ ቅመም አለበት፤ ማላብን ይቀንሳል፣ የተቀደደ ጓርኒሲዮንን ግን አይጠግንም።

አለዋወጡ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መጠኑ ነው። ይህ ሞተር ከፊልትሮ ጋር የሚይዘው 3.7 ሊትር ነው፣ ያለ ፊልትሮ 3.5። ዘይቱ ግን በ4 ሊትር ጀሪካን ስለሚሸጥ ሙሉው ይገለበጣል። መጀመሪያ 3.4 ሊትር ይጨመር፣ ሞተሩ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ይሥራ፣ ይጥፋ፣ ሜዳ ላይ አምስት ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ እየለኩ ወደ ላይኛው ምልክት ማድረስ ነው። የቀረው ለመጨመሪያ ይቀመጣል። የኮፓው ብሎን በቁጥር 14 መፍቻ ይፈታል፤ ማጥበቂያው 37 ኒውተን ሜትር ስለሆነ በረጅም ቱቦ መጠምዘዝ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይልጣል። የብሎኑ ቀለበት፣ ቁጥሩ 90430-12031፣ ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። የፊልትሮው ጎማ በዘይት ተቀብቶ ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት አራተኛ ዙር ይበቃዋል።

ከሃያ ሃምሳ ወደ 10ደብሊው-40 ሲቀየር የመጀመሪያው ዘይት 2,500 ኪሎ ሜትር ላይ ከነፊልትሮው ይውጣ፤ ጠቁሮ ቢወጣ እየሠራ ነው ማለት ነው። ሁለተኛውም እንዲሁ። ከዚያ 5,000። በአንድ ጊዜ የሚያጥበውን የሞተር ማጠቢያ ኬሚካል ዝቃጭ በሞላበት ሞተር ላይ አትሞክሩት፤ ተገንጥሎ የወረደው ቆሻሻ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል፣ ኩሽኔታ ይበላል።

ሲገዙ ጀሪካኑ ላይና ክዳኑ ላይ ያለውን ኅትመት፣ የክዳኑን ቀለበት አለመበጠስና ከክዳኑ ስር ያለውን ማሸጊያ ይዩ። ባዶውን ጀሪካን ጋራዥ ከመተው በፊት ይብሱት፤ ደህና ጀሪካን ተመልሶ ይሞላል።

ከሦስት ቅያሬ በኋላም 1,000 ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ሊትር የሚበላ ከሆነ፣ ቶዮታ በመመሪያው የፈቀደው ጣሪያ ላይ ደርሷልና ዘይት መምረጡ እዚህ ያበቃል። ሞተሩ ሲወርድ የተሻሻለው ፒስተን ይግባለት። አዲስ ፋሻ አስገብቶ አሮጌውን ፒስተን ከነጠባብ ቀዳዳው መመለስ ያንኑ ጭስ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያመጣል።