የዴኖሱማብ መርፌ፦ ለአጥንት የሰጠውና ለደም ቅዳ ያልሰጠው

እናቴ የአጥንት መሳሳት እንዳለባት ከታወቀ ወዲህ በንግድ ስሙ ፕሮሊያ የሚባለውን የዴኖሱማብ መርፌ በየስድስት ወሩ 60 ሚሊ ግራም ትወጋለች። ባለፈው የወገብ ራጅ ስትነሣ ከአከርካሪዋ ፊት ለፊት የሚያልፈው ትልቁ ደም ቅዳ ግድግዳው ካልሲየም ይዞ እንደ ነጭ መስመር ታየ። እሷም ምስሉን ትክ ብላ አይታ፣ «ከአጥንቴ የጎደለው እዚህ ሄዶ ተለጠፈ እንዴ ልጄ?» አለችኝ። ስለ መድኃኒቱ ያለኝን አስተያየት ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይህ ጥያቄዋ ነው።

ሰውነታችን ኦስቲዮፕሮቴጀሪን የተባለ ፕሮቲን ያመነጫል፤ ይህ ፕሮቲን አጥንት የሚበሉትን ሴሎች የሚቀሰቅሰውን ራንክ ኤልን ይዞ ከሥራ ያግደዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ፕሮቲኑን የሚያመነጨው ዘረ መል በተወገደባቸው አይጦች ላይ አጥንታቸው ሲሳሳ ትልቁ ደም ቅዳቸውና የኩላሊታቸው ደም ቅዳዎች በካልሲየም ጠጥረው ተገኝተዋል። ዴኖሱማብም ራንክ ኤልን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል በመሆኑ፣ አጥንትን ሲጠብቅ ደም ቅዳንም ይጠብቅ ይሆናል የሚል ተስፋ አሳድሮ ነበር።

በሰው ላይ ያለው ሁኔታ ግን እንደ አይጦቹ ቀላል አይደለም። ደም ቅዳቸው በካልሲየም በጠጠረባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ፕሮቲኑ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው፤ ብዙ ተመራማሪዎች ይህን ሰውነት ጉዳቱን ለመመከት የሚያደርገው ጥረት አድርገው ይተረጉሙታል። መድኃኒቱን በተመለከተ ደግሞ 7,868 ሴቶች በተሳተፉበትና ሦስት ዓመት በፈጀው ፍሪደም በተባለው ጥናት አዲስ የአከርካሪ ስብራት በ68 በመቶ፣ የዳሌ ስብራት በ40 በመቶ ቀንሷል። ከእነዚህ መካከል ለልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ 2,363 ሴቶች የደም ቅዳቸው ራጅ ሲመረመር ግን፣ የካልሲየሙ ክምችት መርፌውን በወሰዱትና ባልወሰዱት ዘንድ እኩል ጨምሮ ተገኘ። መድኃኒቱ አላባባሰውም፣ አልገታውምም።

አወጋጉ ቀላል ነው። ነርሷ መርፌውን ከማቀዝቀዣ አውጥታ ቅዝቃዜው እስኪለቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ታቆየዋለች፤ እናቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ ዝቅ አድርጋ ክንዷን ትሰጣለች፤ በደቂቃ ውስጥ ያልቃል። አስጨናቂው የቀጠሮው ጉዳይ ነው። መርፌው ሲቋረጥ ታግደው የቆዩት አጥንት በል ሴሎች በብርታት ስለሚመለሱ አከርካሪ ላይ ተደጋጋሚ ስብራት ሊያስከትሉ ይችላሉ፤ ስለዚህም አንድ ክሊኒክ ቀጠሮዋን በሁለት ወር ሊያዘገየው ሲል እስኪመልሱልን ድረስ አጥብቄ ተከራክሬያለሁ። የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ ሰዎች ደግሞ መድኃኒቱ የደማቸውን ካልሲየም ለሕይወት በሚያሰጋ መጠን ሊያወርደው ስለሚችል፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከባድ ማስጠንቀቂያ ጨምሮበታል።

ለአጥንቷ ስል መርፌውን ያለ ማመንታት እደግፋለሁ፤ ለደም ቅዳዋ ብሎ የሚገዛው ሰው ግን ገንዘቡን ያለ ቦታው ያወጣል። ለእናቴም ነጩ መስመር በመርፌው እንደማይጠፋ፣ ለእሱ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል ኪኒኖቿን ሳታቋርጥ መዋጥ እንዳለባት ነገርኳት፤ እሷም የኪኒን ሣጥኗን ከመርፌው ቀጠሮ ወረቀት አጠገብ አኖረችው።