ጌፊ፣ ኔትወርክኤክስ፣ አይግራፍ ወይስ ኒዮፎርጄ?

ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ የሚያሳይ ሠንጠረዥ በእጃችሁ አለ። ሰዎቹን ነጥብ፣ ግንኙነቱን መስመር አድርጋችሁ ግራፍ ትሠራላችሁ። የምትፈልጉት እርስ በርሳቸው በብዙ መስመር የተሳሰሩትን ቡድኖች ነው። በየትኛው መሣሪያ?

ኮድ የማይጽፍ ሰው ጌፊን ይጫን። ነጻ ነው። ሠንጠረዡን በሲኤስቪ ፋይል ታስገቡና «ሞዱላሪቲ» የሚለውን ቡድን ፈላጊ ታስኬዳላችሁ፤ ከዚያ ቡድኖቹን በቀለም መለየት ነው። ሥዕሉ ያምራል፤ የምፈራውም እሱን ነው። ያማረ ሥዕል ያልተረጋገጠውንም እውነት ያስመስላል። ደጋግማችሁ አስኪዱት፤ ቡድኖቹ በየጊዜው ከተቀያየሩ አትመኑት።

የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ለሚያውቅ ጀማሪ ኔትወርክኤክስ የተባለውን ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮድ) የሚያህል የለም። ተመራማሪው ዌይን ዛካሪ በ1977 ያሳተመው የካራቴ ክለብ መረጃ አብሮት ይመጣል፦ 34 አባላት፣ 78 ግንኙነቶች። ክለቡ በጠብ ለሁለት ስለተከፈለ፣ ያገኛችሁትን ቡድን በእርግጥ ከሆነው ጋር ማመሳከር ትችላላችሁ። ግን በፓይተን የተጻፈ ስለሆነ፣ ሚሊዮኖች መስመር ሲጫኑበት ይንቀራፈፋል። ሜሞሪም ይበላል።

የእኔ ምርጫ አይግራፍ የተባለው ላይብረሪ ነው። ውስጡ በሲ (C) ቋንቋ ስለተጻፈ ይፈጥናል፤ ከፓይተንም ሆነ አር (R) ከተባለው ቋንቋ ሊጠሩት ይቻላል። ለመልመድ ትንሽ ያስቸግራል። ለምሳሌ አንድ ነጥብ ስትሰርዙ የሌሎቹ መለያ ቁጥር ሊቀየር ይችላል፤ ስለዚህ ለነጥቦቹ ስም ስጧቸው። የመረጥኩት ግን ለፍጥነቱ ብቻ አይደለም። የጌፊ «ሞዱላሪቲ» የሚሠራበት የ2008ቱ ሉቫን ስልት፣ አንዳንዴ በቡድኑ ውስጥ በቀጥታም ሆነ በሌሎች አባላት በኩል የማይገናኙ ሰዎችን አንድ ላይ ያጉራል። በ2019 የወጣው ላይደን የተባለ ስልት ይህን ጉድለት አስተካክሏል። አይግራፍ ውስጥ ተሠርቶ ተቀምጧል።

ኒዮፎርጄ ሌላ ዓይነት ነው፤ ዳታቤዝ ነው። ሉቫንና ላይደንን የሚያገኙት በተጨማሪ ላይብረሪ ነው። የላይብረሪው ነጻ እትም ከ4 የፕሮሰሰር ኮር በላይ አይጠቀምም፤ የድርጅት እትሙ ይከፈልበታል። ግንኙነቱ በየደቂቃው የሚለዋወጥ አፕ ያለው ድርጅት ቢከፍል ያዋጣዋል። ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ግን ምን አደከማችሁ?

አይግራፍና ጌፊን አጣምሮ መጠቀምም ይቻላል። ቡድኖቹን በአይግራፍ ለዩ፤ ውጤቱን ግራፍ በሚቀመጥበት የግራፍኤምኤል ፋይል አውጡና ጌፊ ላይ ሳሉት።